በወረፋ የቆየ ጥቆማ

ሰባተኛው ጥቆማ ሲከፈት ሳይካል አውራ ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሳች።

እስካሁን የመጡትን ስድስቱን ሳትቸገር ነበር የጨረሰቻቸው። ቢሽኬክ መናፈሻ ውስጥ ያለ የድንጋይ አንበሳ፤ አጸደቀችው። የሆነ ሰው የግቢ በር፤ ውድቅ አደረገችው። ካራኮል ያለ የእንጨት ቤተ መጻሕፍት፤ አጸደቀችው። ይሄኛው ግን ጭጋግ ብቻ ይመስላል። በጭጋጉ ውስጥ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ ውሃው የሚገባ የጣውላ መንገድ አለ። ጣውላው ላይ ነጭ አመዳይ ጋግሯል፤ ማንም አልረገጠውም። መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የዛገ የብረት ማማ ቆሟል። አናቱ ላይ ካሉት ሁለት መስታወቶች አንዱ ወልቋል።

«ምነው ደነዘዝሽ? ቀጥይ እንጂ» አለች ሜሪም አልጋው ላይ በደረቷ እንደተኛች።

ሜሪም ጎረቤቷም የክፍል ጓደኛዋም ናት። ሁለቱም «ዱካ» የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታው በእግር የሚዞሩበት ነው፤ እውነተኛ ቦታዎች ካርታው ላይ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ፣ ነጥቡ ጋ የደረሰ ሽልማቱን ይሰበስባል። የትኛው ቦታ ነጥብ ይሁን ብለው የሚጠቁሙት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ፎቶ አንስተው፣ ጥቂት መስመር ጽፈው ይልካሉ፤ ሌሎች ተጫዋቾች ደግሞ ገምግመው ያጸድቃሉ ወይም ይጥላሉ። ሳይካል የገምጋሚነት ፈተናውን ያለፈችው ዛሬ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ።

ሜሪም አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየች። «ቆይ፣ ይሄ የእኛ ወደብ አይደል?»

«ነው።»

«ሳይኩ፣ በይ አጽድቂው። በራችን ላይ ነጥብ ሊኖረን ነው እኮ። ከአሁን በኋላ ለአንድ ነጥብ ብለን ከተማ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ አንታሽም። ማን ይሆን የጠቆመው? የደረቀ ዓሣ እጋብዘው ነበር።»

«ስም አያሳይም» አለች ሳይካል።

ስም ባያሳይም አንድ ነገር አላማራትም። ቀና ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የእነሱ ቤት ከሐይቁ የሚለየው አንድ የጠጠር መንገድ ብቻ ነው። ውጭ እንደ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ወርዷል፤ የባልክቺ የድሮ ወደብ የጭነት ማንሻዎች እንኳ አንገታቸው ብቻ ነው የሚታየው። የጣውላው መንገድ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ መሃሉ የለም። መግቢያው ላይ የከተማው ሰዎች በሚስማር የመቱት አጥር አለ። ፎቶው ላይ ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው።

«የቆየ ፎቶ ነው» አለች በዝግታ።

«ታዲያ ጥቆማ ወረፋ ይቆያል አይደል? እንደ እኛ ባለ ቦታ ገምጋሚ ከየት ይመጣል? ዓመትም ይቆያል ይላሉ።»

ሳይካል ሁለተኛውን ፎቶ ነካችው። ይሄ አካባቢውን ለማሳየት የሚላክ ነው። ያነሳው ሰው ማማው ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ ሐይቁ ዳርቻ መልሷል። አመዳዩ ላይ አንድ የጫማ ዱካ ከዳር ተነስቶ፣ ጣውላውን ይዞ፣ ፎቶ አንሺው እግር ሥር ድረስ መጥቷል። የሚመለስ ዱካ የለም። ከዱካው ጀርባ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ ብሎ አንድ ቤት ይታያል። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በብርድ ደርቆ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሏል። መስኮቱ ላይ ግንባሯን ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀች ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ አለች።

ሳይካል ፎቶውን አጎላችው። ልጅቷ እሷ ነበረች።

ያ ቀን ትዝ አላት። ትኩሳት ይዟት ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መስታወቱ ስለሚቀዘቅዝ ግንባሯን እሱ ላይ አስደግፋ ጭጋጉን ስታይ ዋለች። ምንም አልታያትም። ጭጋጉ ውስጥ ግን የሆነ ሰው ቆሞ እሷን ያይ ነበር።

ጽሑፉ ከፎቶዎቹ ሥር ነበር።

*የቦታው ስም፦ አንድ ዓይናው ፋኖስ።*

*መግለጫ፦ መርከብ በነበረ ጊዜ መንገድ ያሳይ ነበር። አሁን አይበራም፣ ቢሆንም ቆሟል። ሐይቁን እንደሱ የሚያይ የለም።*

*ለገምጋሚዎች፦ እባካችሁ አጽድቁልን። በእኛ በኩል አንድም ነጥብ የለም። እህቴ ለመጫወት ከተማ ድረስ መሄድ አለባት፤ ገና ትንሽ ናት፣ ደግሞ ሌት ተቀን ታለቃቅስብኛለች። ጥቂት ጣውላዎች ላልተዋል። ሙቀት ሲገባ እንጨት አምጥቼ እኔው እጠግናቸዋለሁ።*

ሜሪም ማንበቧን ስትጨርስ ከአልጋው ላይ ተነስታ ተቀመጠች።

«ባየል ባይኬ ነው?» አለች።

ሳይካል በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ባየል የሳይካል ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሁለቱም «ባይኬ»፣ ታላቅ ወንድም፣ እያሉ ነበር የሚጠሩት። በዚያ ቀን፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ የጣውላው መንገድ መሃሉ ላይ ተደርምሶ ውሃው ወሰደው። ስልኩ አልተገኘም። ለምን እዚያ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት የመለማመጃ ፈተና ወድቆ ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሰፈሩ ሆን ብሎ ነው የሚል የራሱን መልስ አወጣ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረውም፤ ሳይካል ሱቅ ስትገባ ወሬው ቀጥ ይል ነበር። አባቷ ያን ዓመት ለሥራ ሩሲያ ሄደ። እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ስለ አየሩ ይጠይቃል፣ የልጁን ስም አንስቶ አያውቅም። እናቷ ደግሞ ዓሣ ገመድ ላይ እየሰካች ለራሷ «ምን ሊያደርግ ሄደ?» ትላለች። ሳይካልን ሳይሆን እጆቿን የምትጠይቅ ነው የሚመስለው።

የሄደው ለእሷ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ሳይካል አልቅሳበታለች። ሜሪም ደረጃዋን እንዳሳደገች፣ እሷ ግን ቤት ታማ እንደተኛች ነግራው፣ «አንተ ደረጃህ ስለደረሰ መጠቆም ትችላለህ፤ ለእኔ ብለህ አንድ ነገር አታደርግም» ብላዋለች። እሱም «ዝም በይ አንቺ ጉንዳን፣ ተኚ» አላት። ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የሚነገር ነገር መሆኑንም አላወቀችም ነበር።

ስልኩ ነዘረ። ገጹ ሊዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ሰዓቱ ካለቀ ጥቆማው ወደ ሌላ ገምጋሚ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ ተመልሳ አታገኘውም።

ሳይካል የገጹን ፎቶ አስቀረች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጃኬቷን ለበሰች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ላየው።»

«አብጂ አሉሽ? በዚህ ጭጋግ?» አለች ሜሪም፣ ግን ጫማዋን እያሰረች ነበር።

የጠጠሩን መንገድ ተሻግረው አጥሩ ጋ ቆሙ። ሐይቁ አይታይም፤ የሚሰማው ጠጠሩን ሲልስ ነው። ከአጥሩ ወዲያ አምስት ስድስት ጣውላ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነጭ ነው። ማማው የለም። ሳይካል ስልኩን ከፍ አድርጋ ፎቶውን ከፊቷ ካለው ባዶ ጋር አስተያየችው።

ያኔ ከጭጋጉ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቋ። አንድ ሰው በከባድ ጫማ፣ እያመነታ፣ ወደ እነሱ የሚራመድ ይመስላል። ሜሪም የሳይካልን ክንድ ጨመቀች።

«ሳይኩ፣ እንመለስ።»

ሳይካል አልተነቃነቀችም። ድምፁ አልቀረበም፤ አልራቀምም። ጭጋጉ ሳሳ ሲል ማማው ብቅ አለ፣ ካሰበችው በላይ ቅርብ። ጎኑ ላይ ያለው የብረት መሰላል አንድ ብሎን ብቻ ይዞት ነፋሱ ሲነካው ከማማው ጋር ይጋጫል። ቋ። ከማማው ወዲህ መንገዱ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ውሃ ነበር። መስታወት ያለው ዓይን ቀጥታ ወደ ቤታቸው መስኮት ያያል። ሳይካል ያቺን ልጅ መስኮቱ ላይ ለማየት ዞር ማለት አማራት፤ አንገቷ እምቢ አላት። ከዚያ ጭጋጉ እንደገና ማማውን ዋጠው።

አራት ደቂቃ።

«ካጸደቅሽው ስሙ ይቀራል አይደል?» አለች ሜሪም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነጥቡ ላይ የጠቋሚው የጨዋታ ስም ይጻፋል። ሁልጊዜ እዚህ ይኖራል ማለት ነው።»

«ሰባተኛ ክፍሎቹ ይሄን አጥር በአንድ ዝላይ ነው የሚያልፉት» አለች ሳይካል።

ሜሪም አጥሩን አየችው። ወገባቸው ድረስ እንኳ አይደርስም።

ሳይካል ጥቆማ ውድቅ የሚደረግባቸውን ምክንያቶች ዝርዝር ከፈተች። *እግረኛ በደህና ሊደርስበት አይችልም* የሚለው አራተኛው ላይ ነበር። ጣቷ ላዩ ላይ ቆየ። ከፎቶው ውስጥ ያ አንድ መስመር ዱካ ወደ እሷ መጥቶ የቆመ መሰላት፣ የምታደርገውን ሊያይ። ተጫነችው። ገጹ *እናመሰግናለን* አለና የሆነ ከተማ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ፏፏቴ አወጣላት። ስልኩን አጠፋችው።

ወደ አውራው መንገድ ወጡ። እናቷ በዚህ ሰዓት እዚያ ናት፤ ለአላፊ መኪና የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ሜሪም መገንጠያው ላይ ቆመች።

«ልታሳዪያት ነው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ስሚኝ።» ሜሪም እግሯን እያየች ተናገረች። «ስላንቺ የሚለውን ቆርጠሽ አውጪው። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ፎቶ ሊያነሳ እንደሄደ፣ ጣውላውን ሊጠግን እንዳሰበ ይበቃታል። የቀረው ለማን ይጠቅማል? አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ማንም አያውቅም፣ እኔም አልናገርም፤ በእናቴ።»

ሳይካል ጓደኛዋ ለእሷ ብላ እንደተናገረች ገብቷታል። ስለዚህ አልተቆጣችም። «ነገ ሚኒባሱ ጋ እንገናኝ» ብላት ብቻ ሄደች።

መኪኖቹ በቀን መብራት አብርተው ከጭጋጉ ይወጣሉ፣ መልሰው ይገባሉ። እናቷ ሁለት ካፖርት ደርባ የፍራፍሬ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ ዓሣዎቹ በጅራታቸው ተሰቅለዋል።

«ምነው መጣሽ? በላሽ?» አለቻት።

«በላሁ፣ አፓ።»

ሳይካል ሌላ ሳጥን ገልብጣ አጠገቧ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ ፎቶውን መቁረጫ ምልክት ላይ ሄደ፤ በገጹ ዙሪያ ነጭ መስመር ወጣ። የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ላይ ሳበችው። *እህቴ* የሚለው ቃል ጠቆረ። መኪና አለፈ። ጠርዙን ወደ ነበረበት መለሰችው።

«አፓ፣ ላነብልሽ የምፈልገው ነገር አለ። ባይኬ የጻፈው ነው።»

የእናቷ እጆች ዓሣው ላይ እንዳሉ ቆሙ። ከየት አመጣሽው አላለችም። ጓንቷን አውልቃ ወደ ልጇ ተጠጋች፣ ትከሻቸው እስኪነካካ።

ሳይካል ከስሙ ጀምራ አነበበች። አንድ ዓይናው ፋኖስ የሚለው ላይ እናቷ በአፍንጫዋ እንደ ሳቅ ያለ ነገር አወጣች። እህቴ የሚለው ጋ ስትደርስ መስመሩን አልዘለለችውም።