የተቆረጠው ፍሬን

ነርሷ ጠዋት ቁልቁለቱ ሥር ሞታ ተገኘች። የኤሌክትሪክ ብስክሌቷ ከግንብ ጋር ተላትሞ ተጣሟል።

መርማሪው ተንበርክኮ የፍሬን ሽቦዎቹን አየ። ሁለቱም አልተበጠሱም። በፒንሳ ተቆርጠዋል።

ሰፈርተኛው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሰፈሩ የሚኒባስ ሾፌር ላይ ነው። ሰው ብስክሌት መግዛት ከጀመረ ወዲህ መኪናው ግማሹ ባዶ ነው የሚሄደው። በቅርቡም ነርሷ በጎኑ ስታልፍ፣ «አንድ ቀን ትደፊያለሽ!» ብሎ ጮኾባታል።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?» አለው መርማሪው።

«ብያለሁ። ንዴት ነዋ! ተሳፋሪ ስጠብቅ ሁሉም በጎኔ ሽው ይላል።»

«ፍሬኑንስ?»

«የት አግኝቼው? ማታ ቤት አስገብተው ቻርጅ ያደርጉታል፤ በሩም ይቆለፋል።» ሾፌሩ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። «እኔን የገረመኝ ታላቅ እህቷ ናት። ዛሬ ጠዋት ሚኒባሴ ውስጥ አጠገቧ ሰው ሊቀመጥ ሲል፣ ‹ሰው አለው፣ እህቴ ትመጣለች› አለች። ብጠብቅ የለችም፤ ነዳሁት።»

ነርሷ ሚኒባስ ከተወች ወራት አልፈዋል። መርማሪው ቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ እህት አንድ እግሯን እየጎተተች ተከትላው መኝታ ቤት ገባች።

«እህትሽ ዛሬ በሚኒባስ እንደምትሄድ በምን አወቅሽ?»

«ነግራኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን በብስክሌት ወጣች?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ብስክሌቱ ያደረው እዚህ ቤት ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስንት ዓመት አብረን ተሳፈርን። የሆድ የሆዳችንን የምናወራው እዚያ ወንበር ላይ ነበር። ያን ነገር ከገዛች ወዲህ፣ ‹ግፊያ ቀረልኝ፣ ነፋሱ ደስ ይላል› ብላ ትፈተለካለች። እኔ በዚህ እግሬ ምን ብዬ ልከተላት?»

«እናም ቆረጥሽው።»

«ገና ከግቢ ሳትወጣ ታየዋለች ብዬ እኮ ነው! ተናዳ ጥላው ወደ ሚኒባሱ ትመጣለች ብዬ... ለካ ረፍዶባት ኖሯል፣ ሳታየው ወጣች። እናቴን፣ እንድትሞት አልፈለግኩም!»

ፒንሳውን ከስፌት መኪናዋ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

መርማሪው ክንዷን ይዞ በሩን ሲከፍት ለቅሶው ቆመ። እናትየው ግድግዳ ተደግፈው ተነሡ።

«ይቺንስ ወዴት ነው የምትወስዳት፣ ልጄ?»



«እኔ ነኝ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«አንቺ ምን?» አሉ እናትየው።