የጎረቤት ሰንሰለት

የማሽኑ ክዳን ከእጇ አምልጦ በተንሳፋፊው ቤታቸው ወለል ክፍተት ወደ ባሕሩ ጠብ ሲል፣ ቀጭኔ የሚሏት ልጅ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበራትም። የዋና መነጽሯን አጠለቀች፤ አየር ሳበችና ተከተለችው። እናቷ በዚያ ማሽን ነው የባሕሩን ጨው አጣርታ ለሰፈሩ ሁሉ የመጠጥ ውኃ የምታወጣው። የክዳኑ ምትክ የሚመጣው በጀልባ ነው፤ ጀልባው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ራሱ ጀልባው አያውቅም።

ደግነቱ ክዳኑ ሩቅ አልሄደም። ቤቱን የተሸከሙትን በርሜሎች ባቀፈው መረብ ላይ አርፎ አገኘችው። ያዘችውና ቀና አለች። ከዚያ መውጣት ረሳች።

ከራሷ ቤት ሥር ገብታ አታውቅም። ከላይ ሲያዩት የልብስ ማስጫ ገመድና የሶላር ሰሌዳ የሞላበት ተራ ሰፈር፣ ከታች ሌላ ዓለም ነበር። ማዕበል ባለፈ ቁጥር በርሜሎቹ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ በመካከላቸው ብርሃን እየገባ ይወጣል፤ ብርማ ዓሦች በመንጋ ሆነው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላሉ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰንሰለት ወደ ታች ወርዶ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጭራሽ ጨለማ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው፣ የሚያኮርፈውም የሚያንኮራፋውም፣ እነዚህን ሰንሰለቶች አምኖ ነው የሚተኛው። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። የምትኖረው እዚህ ነገር ላይ መሆኑን ያን ቀን ገና ያወቀችው መሰላት።

ያኔ ነው የቤታቸውን ቀለበት ያየችው። ሰንሰለቱን ከቤቱ ጋር የሚያያዘው ወፍራም ብረት ዛጎል ለብሶ ብረትነቱ ጠፍቷል። በጥፍሯ ፈለፈለችው። ከዛጎሉ ሥር ያገኘችው ብረት ከትንሿ ጣቷ አይበልጥም። አየሯ ሲያልቅባት ወደ ላይ ተፈናጠረች።

በሰፈሩ የራሱን ቤት ሰንሰለት የሚያይ የለም። ሰው ለራሱ ቤት ሲሆን «ትንሽ ይቆያል» ይላል፤ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ቤቱ ሲወናጨፍ ግን የሚመታው ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ የሚወርደው ጎረቤት ነው። ዛጎሉን ይፍቃል፣ ብረቱን ይነካል፣ ሲወጣ የሰፈሩ ደወል አጠገብ ቆሞ «አይቻለሁ» ይላል። ፊርማ የለም፣ ፎቶ የለም፣ በቃ አንድ ቃል ነው። የራስን ሰንሰለት ወርዶ ማየት ጎረቤትን ውሸታም ብሎ ከመስደብ አይተናነስም። በዚያ ቃል ዋሽቶ የተገኘ ቤተሰብ ደግሞ በሚቀጥለው ጀልባ ወደ የብስ ይሸኛል። ሰፈሩ ሲመሠረት ሁሉም እጁን አውጥቶ የተስማማበት ሕግ ነው።

የእነቀጭኔን ሰንሰለት የሚያየው ሬዲዮ የሚባለው የጎረቤት ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት «አይቻለሁ!» ሲል ድምፁ እስከ ዳር ተሰምቷል።

የቲማቲም ሳጥኖቹን ሲያጠጣ አገኘችው። ሬዲዮ ያሉት አፉ ስለማይዘጋ ነው፤ እሷን ቀጭኔ ያላት ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ በቁመቷ። በሰፈሩ የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ምነው እንዲህ በሰበስሽ? ማሽኑ አንቺንም አጣራሽ እንዴ?»

«ዛሬ ከቤታችን ሥር ወርደሃል?»

«ደወሉ ጋ ስናገር አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ቀለበቱ ምን ይመስላል?»

«ቀለበት ነዋ! ክብ ነው።» ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ጣሳውን አስቀመጠ። «ቆይ... የራስሽን አየሽው?»

«ክዳን ወድቆብኝ ነው። ዛጎሉ ጡጫዬን ያህላል፣ ሬዲዮ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያልወረድከው?»

ሬዲዮ ዓይኑን ወደ ውኃው አዞረ።

«መሰላሉ ድረስ እወርዳለሁ» አለ። «ጭንቅላቴን እነክራለሁ። ከዚያ ታች የሚባል ነገር የለም። ገባሽ? መጨረሻ የለውም። እጄ መሰላሉን አልለቅም ይለኛል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ቤታችንን ሸጦ ባሕር ላይ ላመጣን አባቴ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በናትሽ ላሽ በይው፣ እንዳላየሽ ሁኚ። ንፋሱ ይለፍና አንቺ ቀስ ብለሽ ትቀይሪዋለሽ፤ ማንም አይነቃብንም። እኅቴ እኮ እዚህ ነው የተወለደችው። የት እንሄዳለን?»

ንፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ ተነግሯል። ቀጭኔ አድማሱን አየች፤ ከወዲሁ መጥቆር ጀምሯል። ሬዲዮ ከሄደ ከማን ጋር እንደምትስቅ አሰበች፤ ሆድ ባሳት። ቀጥሎ ያ ቀጭን ብረት ትዝ አላት። እናቷ አሁን ማሽኑ አጠገብ ናት፤ ማሽኑ ከሄደ የሰፈሩ ውኃም አብሮ ይሄዳል።

«አልችልም» አለችው። ሄዳ ደወሉን ደወለች።

ሰው ግር ብሎ ወጣ። ሰንሰለቶቹን የሚሠራው በያጅ፣ ሁሉም ጋሽ ብሎን የሚሉት፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ።

«ምን ተገኘ? ያለ ሰዓቱ?»

«ጋሽ ብሎን፣ የቤታችንን ሰንሰለት አየሁት።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የሬዲዮ አባት፣ መረብ ጠጋኙ፣ ቱግ አለ። «ልጄ አይቻለሁ ብሎ የለም እንዴ! ልጄን ውሸታም ልትዪው ነው?»

ቀጭኔ ልትመልስለት ዞረች። ያኔ ከኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ።

«አላየሁትም፣ አባዬ። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

አባትየው ወደ ልጁ ዞረ። ጋሽ ብሎን ግን ፋታ አልሰጠም። «ጸቡን በኋላ! ገመድ አምጡ!»

ቀለበት ለመቀየር ቤቱ ጎረቤቶቹን እንዳይጎትት ከተያያዘባቸው ከግራና ከቀኝ ቤቶች፣ ከሰንሰለቱም ይፈታል። እስኪታሰር ድረስ የሚይዘው የሰው ጉልበት ብቻ ነው። ቀጭኔ ከጋሽ ብሎን ጋር ወረደች፤ እሷ መብራት ያዘች፣ እሱ ብሎኑን ፈታ። አየር ልትወስድ ብቅ ስትል ንፋሱ ደርሶ ነበር፤ ያየችውን ማመን አቃታት።

ቤታቸው እናቷንና ማሽኑን እንደያዘ ባዶ ውኃ ላይ ቆሟል፤ በአራቱም ማዕዘን ገመድ፣ በየገመዱም ሰው አለ። ትናንት በልብስ ማስጫ የተጣሉት ሁለት ሴቶች አንድ ገመድ ይዘዋል። አንድ ሽማግሌም አለ፣ መረብ ጠጋኙም አለ። ማዕበሉ ቤቱን ሲጎትት ሁሉም አንድ ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፤ ሲመልሰው አንድ ላይ ያላላሉ። የሚያዛቸው አልነበረም። የብስ ያለው አጎቷ በደወለ ቁጥር «ውኃ ላይ ደግሞ እንዴት ይኖራል?» ይላታል። እንዲህ ነው የሚኖረው፣ አለች በልቧ፤ ዕንባዋ ከባሕሩ ውኃ ጋር ተቀላቀለ። በአንደኛው ገመድ ጫፍ፣ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ሬዲዮ ነበር። መዳፉ ተልጦ ይደማል፤ አለቀቀም።

ንፋሱ ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ ንጋት ላይ በረደ። አዲሱ ቀለበት ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ሰው ደወሉ አጠገብ ተሰበሰበ። የሬዲዮ አባት ሕፃን ልጁን ታቅፎ ቆሟል፤ ሻንጣቸው ከበሩ ወጥቷል።

«ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን» አለ ጋሽ ብሎን፣ ማንንም ሳያይ። «የተዋሸበት ቤት ግን አንድ ቃል ይፈቀድለታል። አሁንም ሰንሰለታችንን እሱ ይይልን ካለ፣ የዋሸው ቤተሰብ እዚሁ ይቀራል። እስከ ዛሬ ይህን ቃል ያለ ቤት የለም።»

ለምን እንደሌለ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ዋሽቶ የተገኘን ሰው አምኖ የሚተኛ የለም። ሁሉም ወደ ቀጭኔ እናት ዞረ። እሷ ጨው ያሻከረውን እጇን ልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«የወረድሽው አንቺ ነሽ፣ እናቴ። ተናገሪ።»

ቀጭኔ አሁንም ተናዳለች። ለወራት ከእሷና ከእናቷ ሥር ማንም ሳያይ ያ ብረት ሲበላ ነበር፤ እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ሲያስቃት ኖረ። ሬዲዮን አየችው። በጨርቅ የታሰሩ እጆቹን ከኋላው ደብቋል፤ እንድታዝንለት የሚፈልግ አይመስልም።

«እሱ ይይልን» አለች። «ለጊዜው አብሬው እወርዳለሁ።»

መልስ አልጠበቀችም። ወደ መሰላሉ ሄዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ውኃው ውስጥ አስገባች። ከዚያ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቅቃ ጠጋ አለች።