የሦስት መቶ ቤት ደወል

«ልጅሽን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ በተርታ ደጃፉ ላይ ቆመው።

የልጅቱ እናት ዘምባባ ፈጥና ነጠላዋን አጣፋች። የዘንጋር ምድር እናት ሁሉ ይህችን ቃል ሃያ ዓመት ትጠብቃታለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ! ለመሆኑ የማን ቤት ልጅ ነው?»

«ዘውሞ ነው» አሉ የሸንጎው አንጋፋ አያ ግርባብ።

«የትኛው ዘውሞ?»

«ዘንዶው ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንጋር ንጉሥ የላትም። የመጨረሻውን ንጉሥ ያወረዱት አባቶች አንድ ታላቅ ደወል አቁመው፣ «ይህ ድምፅ በየንጋቱ እስከተሰማ ድረስ የጭጋጉ ዘንዶ አይወርድብንም፤ ከሦስት መቶው ቤት እያንዳንዱ በተራው ይደውል!» ብለው ተማማሉ። ልጆቻቸውን ግን የንጋት እንቅልፍ አሸነፋቸውና ተራቸውን ሁሉ ለአንድ ብቸኛ አዛውንት፣ ለአባ ቁምቢ፣ ተዉላቸው። አባ ቁምቢ ማማው ላይ ብቻቸውን ሞቱ። ደወሉ ዝም ሲል ሦስት መቶውም ቤት «ተኝቼ ሳልሰማው ቀረሁ» አለ እንጂ ወጥቶ ያየ የለም። በሦስተኛው ንጋት ዘውሞ ወርዶ የደወሉን የነሐስ መምቻ ይዞ ሄደ። አሁን ጭጋጉ ከወንዙ ማዶ ደርሷል፤ የነካው ሰው ደግሞ የገዛ ስሙን ይረሳል።

«በድሮው መዝገብ፣ የመጀመሪያው ዝም ያለ ንጋት ተራ የዚህ ቤት ነበርና መምቻውን ልጅሽ ታምጣልን» አሉ አያ ግርባብ።

«ሁለተኛውስ የማን ነበር?» አለች ዘምባባ ቱግ ብላ።

አያ ግርባብ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። ስሟ እዚህ ያልተጻፈው በቸልታ አይደለም፤ ኋላ ይገባችኋል። «ተራው የእኛ ከነበረ እሄዳለሁ። በአባቶች ቃል እምላለሁ፣ መምቻውን ሳልይዝ ይህን ደፍ አልረግጥም!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሁለተኛው ንጋትም አብሮኝ ይሄዳል።»

እናም ልጅቱና አያ ግርባብ በቅሎዋን ሻሜትን አስከትለው ዘውሞ ወደሚኖርበት ወደ ዳጉር ተራራ ወጡ። ሻሜት ክንፍ አላት፤ ክንፏ ግን ለጌጥ እንጂ ለመብረር አይሆንም። በየዳገቱ አያ ግርባብ «ወይኔ ጉልበቴ!» ይላሉ፣ ሻሜት ጆሮዋን ትጥላለች። ሰባት ገደል ተሻገሩ። ማናቸውም ወደ ኋላ አላሉም።

ዘውሞ እንደ ወንዝ ረዝሞ፣ እንደ ወተት ነጥቶ፣ በመምቻው ላይ ተጠምጥሟል።

«ሌባ!» ብላ ልጅቱ ጦሯን ሰበቀች።

«እኔ?» አለ ዘንዶው፤ ተራራው ተንቀጠቀጠ። «ሦስት ንጋት ማማው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ባለቤት ነኝ የሚል አልመጣም። ባለቤት የሌለውን ማንሳት ስርቆት ነው?»

ጦሩ እጇ ላይ ከበዳት። መሬት ላይ አኖረችው። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ከሦስት መቶው አንዷ። ዘግይቻለሁ፣ ግን መጥቻለሁ።»

«እንግዲያው የዘገየሽበትን ክፈዪ። ስምሽን ተዪልኝ። ከእንግዲህ አንቺም ሆንሽ ሌላ ሰው አያስታውሰውም።»

«የእኔን ውሰድ! እኔስ አርጅቻለሁ...» አሉ አያ ግርባብ ከኋላ። ሳይጨርሱ ልጅቱ ስሟን ጮኻ ጠራችው። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ጭጋጉ ውስጥ ቀረ።

ጭጋጉ ተጠቅልሎ ወደ ዋሻው ገባ። ሻሜት ያን ከባድ ነሐስ አይታ አልጫንም አለች፤ ሁለቱ በትከሻቸው ተሸክመው ወረዱ። ልጅቱ በንጋት ደወሉን ስትመታ ዘንጋር ሁሉ ደጅ ወጣ። እናቷ እየሮጠች መጣች፤ ልትጠራት አፏን ከፈተች፣ ስሙን ፈለገች፣ አጣችው።

«ልጄ» አለቻት። ይህኛውን ዘንዶው አልወሰደውም ነበር።

ሕዝቡ በእልልታ፣ «ንግሥታችን ሁኚ! ከእንግዲህ ደወሉን አንቺ ጠብቂልን!» አለ።

«ይኸው ደግሞ ጀመራችሁ» አለች። «የእኛ ቤት ተራ ዛሬ ነበር፤ የሚመለሰው ሦስት መቶው ቤት ከዞረ በኋላ ነው። ቀጥሎ ማን ነው?»

ሕዝቡ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንዲት ሸማኔ እጇን አውጥታ «እኛ ከነገ ወዲያ ነን» አለች። «ከእነሱ ቀጥሎ እኛ!» አለ ሌላው። መዝገቡ ዙሪያ ግፊያ ሆነ። ነገ ብቻ ሰው አጣ። ሁሉም ዞሮ አያ ግርባብን ተመለከተ።

አያ ግርባብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይህ ጉልበቴ...»

«ደወሉ የሚመታው በእጅ ነው፣ አያ።»