የአራተኛው ጋን ጣዕም

መርማሪ ሺኖሃራ ሚትሱኤ የደረሰችው አስከሬኑን ከጋኑ አፍ ላይ አውርደው ካበቁ በኋላ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ሬሳዋ ነው፤ ደክሟታል፣ ጉልበቷም ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል። ሟቹ ታሜዞ ሳኬ የተባለው የጃፓን የሩዝ መጠጥ የሚጠመቅበት የዚህ ቤት ዋና ጠማቂ ነበር። ወደ አራተኛው ጋን አጎንብሶ ሳለ ከሚፈላው ጥንስስ የሚወጣው አየር አፈነው። ያን አየር የሚያስወጣው ማራገቢያ ጠፍቶ ተገኝቷል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ ረዳቱ ጎንፔይ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። «ማራገቢያው የኔ ሥራ ነው። የሩዙን ብቅል ስገላብጥ ሦስት ቀን አልተኛሁም። ጋሼ ‹ሂድ፣ ትንሽ አረፍ በል› አለኝ። ላብራው፣ አላብራው፣ እንጃ!»

«እንጃ ማለት ገደልኩ ማለት አይደለም።»

«ሚስቱን በምን ዓይኔ ልያት፣ እትዬ?»

ሺኖሃራን አሳዘናት።

ከጋኑ ሥር ሟቹ ከእጁ የማይለየው የቅምሻ ደብተር ተገኝቷል። የመጨረሻው ገጽ፣ የእሱን በሚመስል ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «አራተኛ ጋን። ሽታው የበሰለ ኮክ፤ ምላስ ላይ የፖም ጣፋጭነት። ጉሮሮ ላይ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል፣ መንፈስ ያድሳል። ደርሷል፤ ይጨመቅ።»

«ትናንት ‹ገና አሥር ቀን ይቀረዋል› ብሎኝ ነበር» አሉ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኢሶቤ።

«ሐሳቡን ቀይሯላ!» አለ ሽያጩን የሚመራው የባላቸው ወንድም አንዶ። «ሽማግሌ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። እሑድ እንግዶቼ ሊቀምሱት ይመጣሉ፤ ደግሞም ደርሷል።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሺኖሃራ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለበጠች። በአርባ ገጽ ውስጥ ስለ ጉሮሮ አንድም ቃል የለም። ጎንፔይን ለብቻው ጠርታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጠማቂ አይውጥማ!» አለ። «በቀን ሃምሳ ጊዜ እየቀመሰ ቢውጥ ከምሳ በፊት ማን ያነሳዋል? ባልዲ ውስጥ እንተፋለን።»

ሦስቱንም ሰብስባ በትንንሽ ነጭ ሲኒ ከአምናው ሳኬ ቀዳችላቸው። ጎንፔይ ምላሱ ላይ አንከባሎ ተፋ። በዚያው ቤት ያደጉት ወይዘሮ ኢሶቤም ተፉ። አንዶ ዋጠ።

«ጉሮሮ ያርሳል!» አለ እየሳቀ።

«ታሜዞ ውጦ አያውቅም» አለች ሺኖሃራ በዛለ ድምፅ። «ስለዚህ ያን ገጽ እሱ አልጻፈውም። የጻፈው ሳኬን ከእንግዶች ጋር እየጠጣ እንጂ እየተፋ የማያውቅ፣ ጋኑም ለእሑድ እንዲደርስለት የቸኮለ ሰው ነው። ከእጁ የማይለየው ደብተር የተገኘው ሬሳው ከተደፋበት ጋን ሥር ነው፤ ያ ሰው ታሜዞ ሲሞት አጠገቡ ቆሟል። አንተ ነህ፣ አንዶ።»

አንዶ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ማራገቢያው ይጮሃል፤ እንዲሰማኝ ብዬ አጠፋሁት። ‹እሑድ አይደርስም› ብሎኝ ሊቀምስ አጎነበሰ። በዚያው ዝም አለ። ጎትቼ ላወጣው እችል ነበር። እኔ ግን የደብተሩን እርሳስ አነሳሁ።»

ወይዘሮ ኢሶቤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲያስ… አብርቼው ነበር?» አለ ጎንፔይ።

«አብርተኸው ነው የሄድከው» አለች ሺኖሃራ።

ጎንፔይ እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ወይዘሮ ኢሶቤ መጥተው ትከሻውን ያዙት።

«በቃ፣ ልጄ። ሂድና ተኛ።»

«መጀመሪያ የጋሼ ሚስት ጋ ልሂድ» አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየተነሳ።