ማሽኑ የማያነበው መስመር

መቅደስ ብርሃኑ የገዛ ስሟን አይታ የደነገጠችው በሕይወቷ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሠርጓ አምስት ሳምንት ሲቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆቦ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቢሮዎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ስላረጀ፣ ከደሴ የመጡ ባለሙያዎች ቅዳሜ ዕለት ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጠው፣ አዲሱ ማሽን ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም የራሱ አካል የሌለው ማሽን፣ አድርገውት ሄዱ። ሰኞ ሲከፈት ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

«መቅዲ፣ ባለጉዳይ ግቢውን ሞልቶታል እኮ!» አሉ ኃላፊዋ አቶ ሙሉጌታ በበሩ ብቅ ብለው።

«ቆይ ጋሼ፣ ልየው።»

ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበች። «መቅደስ» የሚባለው የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም ይላል።

ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ የሚጠራበት ስም አለው፤ ባለሙያ ከፈለገ በፋይል ጽፎ የወደደውን ስም ያወጣለታል። ይህን ስም እሷ አልጻፈችም። ማን እንደጻፈው ግን ልቧ ወዲያው አወቀ። ያን ሰው ዳግመኛ በአፏ ላታነሣው ምላ ነበር።

ሰመረ።

ሰመረ የጎረቤቷ ከተማ የዋጃ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከወደ መኾኒ መጥተው ዋጃ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። በኮንትራት ተቀጥሮ ከሷ ጋር በፈረቃ ይሠራ ነበር፤ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ያ አሮጌ ሰርቨር ሁለት ካርድ ነበረው፤ አንዱ ለውስጥ ቢሮዎች፣ አንዱ ለውጭው መስመር። የቆቦ መብራት ደግሞ አመሉ ይታወቃል። ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ካርዶች ስም ይቀያየሩና ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ተረኛው ፋይሉን ከፍቶ ስማቸውን ያስተካክላል። በሳምንት ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ።

ፍቅራቸው የተጀመረው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። መስመሩ መነሻ ላይ አንዲት ምልክት ካደረጉ ማሽኑ አያነበውም፤ ዘሎት ያልፋል። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፍተው፣ «ትናንት ኔትወርኩ ሁለቴ ጠፋብኝ። አንቺ ስትኖሪ አይጠፋም አሉ። ፈርቶሽ ነው?» የሚል አገኘች።

ብቻዋን ሳቀች። ከሥሩ «አክብሮኝ ነው» ብላ ጻፈች።

ቢሮው ሁሉ ጆሮ ነው፣ ስልኳንም ወንድሟ ይበረብራል። እዚያ ፋይል ውስጥ ግን ማን ይገባል? እንዲህ እየተጻጻፉ ስምንት ወር ሄዱ። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት በበሩ ሲተላለፉ ግን «ደህና ዋልሽ?»፣ «ደህና ዋልክ?» ብቻ ነው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመነሻውም ተስፋ ያልነበረው ፍቅር ነው። ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ወዲህ በሁለቱ ወገን ቤቶች መካከል ሰላምታ ቢቀጥልም፣ ጋብቻ ሲነሣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። አባቷ አቶ ብርሃኑ ወሬው በደረሳቸው ቀን አልጮኹም። ስልኳን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ልጄ፣ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «ከዚያ ቤት ግን የልጅ ልጅ አልስምም።»

ፈቃድ አስወስደው ሮቢት አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። ጥምቀት አልፎ ስትመለስ የሰመረ ኮንትራት አልቋል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። «ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ!» ብላ አንጀቷ አረረ። አንድ ወር ሙሉ ከኩራቷ ጋር ታግላ፣ በጓደኛዋ ስልክ ደወለችለት። ቁጥሩ አይሠራም።

የሚገርመው፣ ሰርቨሩ ዳነ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ካርዶቹ ፍንክች አይሉም። «ተመስገን» አለች እንጂ ምክንያቱን አልፈለገችም። ያልታመመ ምን ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል? ፋይሉን መክፈትም ቁስሏን መነካካት ሆነባት። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንዷለም የሚባል የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ላከ፤ አባቷ እሺ አሉ፣ ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

እና ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ከፈተችው።

«መቅዲ፣ ስልክሽን እንደወሰዱብሽ ሰማሁ። የጥር ማርያም ለት ዋጃ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እንቢ ካሉም አብረን እንሄዳለን። ካልመጣሽ ልብሽ አልፈቀደም ማለት ነው፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም። እናቴ እንደ ወጉ ለምራቷ የሚወጣውን የሙሽርነት ስም እንኳ አውጥታልሻለች። አልጋነሽ ብላሻለች።»

ሁለቴ አነበበችው። የጥር ማርያም! ያን ቀን እኮ ቆቦ ነበረች። ከዚህ ፋይል ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ ስታኮርፍ ነው የዋለችው።

«ጋሼ ሙሉጌታ፣ አንድ ሰው ጠይቄ መጣሁ።»

«ማንን? በስልክ ጠይቂው እንጂ!»

አልሰማቻቸውም። ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ዋጃ። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ይኼው ነው የሚያንገበግበው። ቀለበት ያደረገች ሴት ምን ልትል ነው የምትሄደው? እሷም አታውቅም። ብቻ፣ «ልንገረው፤ ካወቀ የሆነው ይሁን» ትላለች በልቧ። አንዲት ቃል ቢላት ሠርጉን እንደምትተወው ለራሷም አልደበቀችም።

ዋጃ ስትደርስ ሰው ጠይቃ አገኘችው፤ ሰመረ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍቷል። ቀና ሲል እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ።

«መቅዲ?»

«ዛሬ አነበብኩት ሰመረ።»

«ምኑን?»

«ፋይሉን። ዛሬ ጠዋት።»

መፍቻውን ከመሬት አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም?» አላት።

«አንድ ቀን እንኳ። አሁን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ሲያዛውሩት ነው የጠፋ።»

ሰመረ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔው ነኝ የገደልኩት» አለ። «መልእክቱን ጽፌ ልወጣ ተነሣሁ። ከዚያ ብቻሽን ከነዚያ ካርዶች ጋር ስትታገዪ ታየሽኝና አሳዘንሽኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ካርድ ፋብሪካ የሰጠው የራሱ ቁጥር አለው አይደል? ስሙን ከቁጥሩ ጋር አሰርኩት፤ የትም ቢሰካ፣ መብራት ሺህ ጊዜ ቢሄድ እንዳይለወጥ። ስምሽን አወጣሁለት። ካልጠፋ እንደማትከፍቺው እንዴት አላሰብኩም መቅዲ?»

«ወይኔ ሰመረ!» አለች፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ። እንባዋ መጣ። «አርፈህ ብትሄድ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ይጠፋ ነበር።»

«ሦስት ቀን መናኸሪያ ቆምኩ። የቆቦ መኪና በመጣ ቁጥር ወራጁን ሁሉ አየሁ። በአራተኛው ቀን የስልኬን ሲም ሰበርኩት።»

ቀለበቷን እያዞረች፣ «አሁንስ?» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከጓሮ በኩል የአሮጊት ድምፅ ተጣራ።

«አልጋነሽ! ነይ ጓለይ፣ ነይ ልጄ፣ ምሳውን ውሰጅለት!»

መቅደስ ብድግ አለች። ምስኪን! እሷን የጠሩ መስሏት እኮ ነው።

ሕፃን ያዘለች ቀይ ወጣት ሳህን ይዛ ገባች። «ውይ፣ እንግዳ አለን እንዴ? ቁጭ በዪ እንጂ እህቴ፣ ምን አስነሣሽ?»

«ቆቦ አብረን እንሠራ ነበር» አለ ሰመረ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አሳርፎ።

«አልጋነሽ ነው ስምሽ?» አለች መቅደስ።

«እማ ለሠርጌ ያወጡልኝ ነው። የቤቴስ ሄርሞን ነበር፤ አሁን ማን ይጠራኛል ብለሽ!» ብላ ሳቀች። የዋህ ሳቅ ነበር፤ የሚጠላ ነገር የላትም። ያ ስም ማንም ትግባ ማን ለዚያ ቤት ሙሽራ የተዘጋጀ ስም ነበር፤ ሙሽራዋም ገባች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ?

ምሳውን አልቀመሰችም። ሰመረ እስከ መንገዱ ሸኛት።

«ቨርቹዋል ማሽኑ አዲስ ቁጥር ስላወጣ ነው ያልተገኘው» አለ፣ መንገዱን እያየ። «የድሮውን ካርድ ቁጥር ብትሰጪው በዚያው ስም ይነሣል። ወይ ደግሞ ስሙን ቀይሪው።»

«የትኛው ይሻላል?»

ሚኒባሱ መጣ።

ቆቦ ስትደርስ ባለጉዳዩ ጥላ ፍለጋ ግንቡን ተጠግቶ ተደርድሯል። ቁጭ አለች። ስሟን ፊደል በፊደል አጥፍታ ማንም የማይወደው፣ ማንም የማይጠላው ተራ ስም ሰጠችው። አዲሱን ቁጥር ጻፈችለት።

በመሐሉ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«መቅዲዬ፣ የአንዷለም እናት መጥተው ነበር። የሙሽርነት ስም መርጠውልሻል! ልንገርሽ?»

«አይ እማዬ፣ ያኔ እሰማዋለሁ።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«አቧራ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። የሰመረን መልእክት ለመሰረዝ እጇን ዘረጋች፤ አልሆነላትም። ማሽኑ እንደሆነ አያነበው። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች። «የጥር ማርያም ለት ቆቦ ነበርኩ። ባውቅ በእግሬ እመጣ ነበር።»

ፋይሉን ዘግታ ማሽኑን አስነሣችው።

«መጣ! መጣ!» አሉ አቶ ሙሉጌታ ከወዲያ ክፍል። «ተባረኪ ልጄ! ዳግመኛ ይጠፋል እንዴ?»

«አይጠፋም ጋሼ» አለች። «አሁን አጥብቄ አስሬዋለሁ።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም፤ ፋይሉንም የከፈተው የለም።