ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለው ትራምፔት

ሹርን የጠላሁት ገና ስሙን ሳላውቅ ነው።

ጥርስ ክሊኒክ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳጸዳ እውላለሁ። ማታ ማታ ትራምፔት ልማር ብዬ እዚህ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ከሚገኝ የጎልማሶች ማርሽ ባንድ ስገባ፣ አስተማሪያችን ወይዘሮ ቦርግሂል ሹር አጠገብ አስቀመጡኝ። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ትራምፔቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ምራቅ ጫማዬ ሥር አፈሰሰው። ቋቅ አለኝ።

«ይቅርታ» አለ እየሳቀ። «ትንፋሽ እኮ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል።»

«ምራቅ ነው!»

«እሺ፣ ምራቅ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በብሔራዊ ቀናችን ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከማውለብለብ በቀር ምንም አድርጌ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ እየነፋሁ በከተማዬ መሐል ማለፍ አማረኝ። ወይዘሮ ቦርግሂል ግን «ዜማውን የቻለ ይሰለፋል፣ ያልቻለ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል» ብለው ቁርጤን ነግረውኛል።

ሹር በየእረፍቱ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ይበላል። ዝናብ የጠጣው ሹራቡ ሲጨመርበት አፍንጫዬን እይዛለሁ። ወንበሬን በአልኮል ስወለውል ያየኝና «እኔንም ጥረጊኝ እንጂ» ይለኛል። ክፋቱ፣ ጥሩ አስተማሪ ነው። ስሳሳት አይስቅም፤ ጣቱን ከጣቴ አጠገብ አድርጎ ደጋግሞ ያሳየኛል። ዓይኑም ደስ ይላል፤ ይህም ያናድደኛል።

የእኔ ትራምፔት ድምፅ ግን መሐል ላይ ይቆረጣል።

«ኦድኒ፣ ለምንድን ነው የማትተነፍሺው?» አሉኝ ወይዘሮ ቦርግሂል አንድ ቀን። «አየሩን እንደ ወፍ እኮ ነው የምትጎነጪው።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «በዚህ ሰውዬ ሽታ ውስጥ ማን ይተነፍሳል!»

ሹር ጆሮው ድረስ ቀላ። ትራምፔቱን ይዞ ተነሣና ከወዲያኛው ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

አየሩ ንጹሕ ሆነ። ተነፈስኩ፤ ዜማውንም ቻልኩት። እሱ በእረፍት ሰዓት ደረቅ ዳቦ ይቆረጥማል፤ ዞር ብዬ ሳየው ወለሉን ያያል። የጎደለኝ ያ አስጠሊ ሽታ መሆኑ ሲገባኝ ራሴን ተጸየፍኩት።

የሰልፉ ቀን ዝናብ ነበር። ልንነሣ ስንል ብርድ ያደነዘዘው ጣቴ የትራምፔቱን መንፊያ፣ ያችን ከንፈር የሚያርፍባትን ቁራጭ ብረት፣ ለቀቃት። ተንከባልላ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ገባች። እንባዬ መጣ።

ሹር ሰልፉን አቋርጦ መጣና የራሱን መንፊያ ነቅሎ ዘረጋልኝ።

«አንተስ?»

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍቻለሁ። ዛሬ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ እሄዳለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ኦድኒ... ጠዋት ዓሣ በልቻለሁ። አጠገቤ ትመጫለሽ ብዬ መች አሰብኩ!»

መንፊያዋ ሞቅ፣ ረጠብ ያለች ነበረች። ሽንኩርቱስ! አልኮሉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ ወደዚያ መሄድ ጀመረና የሹርን ዓይን ሳይ ተመለሰ። ከንፈሬን ገጠምኩ። ሆዴ እስኪነፋ ተነፈስኩና ከተማዬን ከዳር እስከ ዳር እየነፋሁ አቋረጥኳት። እሱ ድምፅ በሌለው ትራምፔት አጠገቤ ይራመድ ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ «ያስጠላል አይደል?» አለኝ።

«በጣም።»

«አምጪያ፣ ልጠባት።»

የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንገቱን ስቤ ሳምኩት። አፉ ከመንፊያዋም የባሰ ነበር።

ዛሬም በየልምምዱ አጠገቤ ተቀምጦ ሽንኩርቱን ይበላል። እኔም እያጉረመረምኩ በደንብ እተነፍሳለሁ።