ማይሬ የከለከለችው ገጽ

«ቡቡሲ» አለች ቴይማ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ሆኖም ሾፌሩ የከፈተው ሙዚቃ የሚኒባሱን መስኮት እያንቀጠቀጠው እንኳ፣ ማይሬ በደንብ ሰምታታለች። ሁለቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ማይሬ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ውስጡ ለክፍል ስላነበበችው ልቦለድ የጻፈችው አንድ ገጽ አለ።

«ምኑን?» አለች፣ እያወቀችው።

«ገጹን ነዋ! ነገ ጠዋት ነው የምናስረክበው፤ እኔ ደግሞ የመጽሐፉን ሽፋን እንኳ አላየሁትም። እናቴ ከወለደች ወዲህ ሕፃኑን አዝዬ የምውለው እኔ ነኝ። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሌላ ትጽፊያለሽ።»

በታራዋ ደሴት ቡቡሲ፣ ማለትም «ስጠኝ»፣ ብሎ የጠየቀን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ባለፈው ሳምንት የማይሬ የአጎት ልጅ መጥቶ ቡቡሲ አለና የአባቷን ብስክሌት ወስዷል። አባቷ ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ አንድም ቀን አላማረረም። የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ትሰጣለህ፣ ነገ ትጠይቃለህ። የከለከለ ሰው ኀፍረቱ ለራሱ ብቻ አይሆንም፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

«ነገ ጠዋት እንነጋገር» አለች ማይሬ።

ቴይማ እንደ እሺታ ቆጠረችው። ትከሻዋን እቅፍ አድርጋት፣ እያፏጨች ከሚኒባሱ ወረደች።

ማይሬ መጽሐፍ የሚወድ ሰው አይደለችም። መምህርት ሞሞኤ ልቦለዱን ለክፍሉ በተራ ስታዞር፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ነበር የተቀበለችው። በሦስት ቀን ጨረሰችው። ታሪኩ የየቤቱ ግድግዳ ስለሚናገርበት ከተማ ነው። ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚለበስ፣ ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ዘፈን ደስ እንደሚል ይናገራል፤ ሰዉም እንደተባለው ደስ ይለዋል። አንዲት ልጅ ብቻ ዘፈኑ ደስ አላላትም። ጥፋቷ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ትታ ብቻዋን ኮረብታውን ተሻግራ ትሄዳለች።

ማይሬ በዓይኗ ኮረብታ አይታ አታውቅም፤ በደሴቷ ላይ ከኮኮናት ዛፍ በላይ ከፍ ያለ ነገር የለም። ያም ሆኖ ልጅቷን እስከ መጨረሻው ተከትላታለች። መጽሐፉን ዘግታ ደግሞ ራሷን ጠየቀች፦ ማንም ሳይነግረኝ የምወደው ነገር ምንድን ነው? ብዙ አሰበች። የድስቱ ሥር ላይ ያረረውን ሩዝ እንደምትወድ ጻፈች። ከውሃው ታንከር ጥላ ሥር ብቻዋን መቀመጥ እንደምትወድ ጻፈች። አክስቶቿ ሁሉ ነርስ ትሆናለች ብለው ቢጠብቁም፣ እሷ ደም ማየት እንደማትችል ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈች። ያንን ገጽ ለቴይማ መስጠት ፊቷን ገፍፋ እንደ መስጠት ሆነባት።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ቡቡሲስ ያው እንደ ግድግዳው ቢሆንስ? ይህን ማሰቧ ራሱ አስፈራት።

እቤት ስትደርስ እናቷ ለራት ከጓሮው ዛፍ የወረደ ዳቦ ፍሬ እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ሆነሻል? አመመሽ? እስቲ ግንባርሽን አምጪው።»

«ደህና ነኝ፣ እማ። ቴይማ ጽሑፌን ቡቡሲ አለችኝ።»

«ታዲያ ስጫት! ለአንድ ወረቀት ትሰስቻለሽ? ነገ እናቷ ገበያ ላይ ስታየኝ ምን ልበላት?»

«አንቺ አንድም ቀን እምቢ ብለሽ አታውቂም?»

የእናቷ ቢላ ቆመ።

«አንድ ጊዜ።»

«ምን ተጠይቀሽ?»

«አንቺን።»

ማይሬ ቦርሳዋን ሳታወርድ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ታላቅ አክስትሽ ልጅ አልነበራትም» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከዳቦ ፍሬው ሳታነሳ። «አንቺ የሦስት ወር ልጅ ነበርሽ። መጥታ እዚሁ ተቀምጣ ቡቡሲ አለችኝ። እህት ለእህቷ ትሰጣለች፤ ብዙ ሰው ሰጥቷል። የእኔ አፍ ግን እሺ አልል አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ልጄን አልሰጥሽም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ነይና አንቺ እጠቢያት አልኳት። ሁለት ወር ደጃችንን አልረገጠችም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሳሙና ይዛ መጣች።»

ማይሬ የአክስቷን ሻካራ እጅ፣ ጆሮዋን ስታሻት የምታጉረመርመውን አስታወሰች። አክስት ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስላት ነበር። ሳታስበው ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ለማንም እንዳትናገሪ» አለች እናቷ። መላጧን ቀጥላም፣ «ወረቀት ግን ያው ወረቀት ነው» አለች፤ እንደ ቅድሙ እርግጠኛ አልነበረችም።

በማግስቱ ቴይማ ከክፍላቸው ጀርባ እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት።

«አልሰጥሽም» አለች ማይሬ።

«ሙድ አትያዢብኝ፣ አምጪ።»

«የምሬን ነው።»

ቴይማ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «ቡቡሲ ብዬሽ? እኔ? ያ መጽሐፍ አሳብዶሻል!» ብላ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ማይሬ ከኋላዋ ተጣራች። ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። «ቴይማ! ደወሉ ሊደወል ሃምሳ ደቂቃ አለ። ታሪኩን በሙሉ እነግርሻለሁ፣ የራስሽን ትጽፊያለሽ። ሕፃኑንም ከትምህርት በኋላ አብሬሽ እይዛለሁ።»

ቴይማ ቆመች፤ ግን አልዞረችም። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ሌሊትም ያለቅሳል እኮ።»

«የሌሊቱን እንኳ አንቺው ቻዪው።»

የቴይማ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። እየሳቀች ነበር። ተመልሳ መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች፤ «በይ ቶሎ ተናገሪ፣ አታካብጂው ብቻ።»

ማይሬ ተረከች። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ልጅቷ። ቴይማ በየመሃሉ እየገባች፣ «ግድግዳውን በጭቃ አይመርጉትም?» ትላለች። ልጅቷ ኮረብታውን ተሻገረች ሲባል ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«ብቻዋን? እናቷስ?»

«ቀረች።»

«ይቺ ልጅ ደደብ ናት። አንድ ሰው እንኳ አብረኸኝ ና ብላ አልጠየቀችም?»

ማይሬ ታሪኩን በሐሳቧ ከለሰችው። እውነት ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ማንም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ግድግዳው የሚያዘው እንጂ የሚለምነው ነገር የለም። እሷ ግን ይህን ልብ አላለችውም ነበር።

«ያንን ጻፊው!» አለቻት።

ቴይማ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ገና አልጨረሰችም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ክፍል ገብታ ነው የጨረሰቻቸው።

መምህርት ሞሞኤ ወረቀቱን ከፊት ጀምራ እየሰበሰበች መጣች። ማይሬ የገጿን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አየችው፦ «ልጅቷ መሄዷ ትክክል ነው።» ትናንት ቁርጥ ያለ ነበር፤ አሁን ግን ትንሽ አጠራጠራት። እስክሪብቶዋን አነሳች።

ቴይማ በክርኗ ጎሸመቻት። «ልትሰርዢው ነው አይደል? ትክክለኛዋ እኔ ነኛ!»

ማይሬ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አነበበችው። ስትጽፈው ማንም አልነገራትም ነበር። እስክሪብቶዋን ከደነችና ገጹን እንዳለ ለመምህርቷ ዘረጋችላት።

«ግትር!» አለች ቴይማ፣ የራሷን ከላዩ እየደረበች።